በዛሪማ መንገድ ያለፈው ተመልካች፦ ጀምስ ብሩስና የደሴት ሰፈራ አርኪዮሎጂ

መግቢያ

ከሰሜን ተራሮች ሥር የሚወርደው የዛሪማ ወንዝ ውኃውን ለተከዜ ይገብራል። ተከዜም ሱዳን ከገባ በኋላ ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ዓባይ ይፈስሳል። የጥንት ግሪካውያንና ሮማውያን የጂኦግራፊ ጸሐፊዎች በአትባራና በዓባይ መካከል ያለውን ሰፊ ምድር ወንዞች ስለከበቡት የመርዌ ደሴት ብለው ይጠሩት ነበር። ስለዚህ በደባርቅና በአዲ አርቃይ መካከል ባለው ቆላ የሚያልፈው ውኃ የአንድ ጥንታዊ ሥልጣኔ ወሰን ከሆኑት ውኆች አንዱ ነው ማለት ይቻላል።

በፌብሩዋሪ 1770 መጀመሪያ ላይ ጀምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲጓዝ ይህንኑ የዛሪማን ሸለቆ አቋርጦ ሊማሊሞን ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብሩስ በአገራችን ታሪክ የሚታወቀው በዓባይ ምንጭ ፍለጋው፣ ወደ አውሮፓ በወሰዳቸው የግእዝ መጻሕፍትና ስለ ዘመነ መሳፍንት መባቻ በጻፈው ሰፊ ትረካ ነው። ከአርኪዮሎጂ አንጻር ግን እምብዛም አልተመረመረም። ሆኖም በአንድ ጉዞ ውስጥ በውኃ የተከበቡ ሦስት ጥንታዊ የሰፈራ ቦታዎችን ማለትም የዳህላክን ደሴቶች፣ የጣናን ደሴቶችና የመርዌን ምድር አይቶ ስለ ነዋሪዎቻቸው ጽፏል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የብሩስን ሕይወት በእነዚህ ሦስት ቦታዎች መሥመር መከተል ነው። የጽሑፉም መከራከሪያ ብሩስ መሬቱ የሚያሳየውን አስቀድሞ የጥንት መጽሐፍን በረዳትነት ሲጠቀም ወደ እውነት ቀርቧል፤ መጽሐፉን አስቀድሞ መሬቱን ምስክር ለማድረግ ሲሞክር ግን ስቷል የሚል ነው። ስሕተቱም ሆነ ስኬቱ ዛሬ በመስክ ለሚሠራ ተመራማሪ ትምህርት አለው።

ከኪነርድ እስከ ቀይ ባሕር

ጀምስ ብሩስ በዲሴምበር 1730 በስኮትላንድ ኪነርድ በተባለ የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። እናቱን በሕፃንነቱ አጣ። በእንግሊዝ አገር በሃሮው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ሕግ ጀምሮ ነበር፤ አልገፋበትም። ከአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ቤተሰብ ሚስት አግብቶ በንግዱ ገባ። ይሁን እንጂ ባለቤቱ አድሪያና ከተጋቡ ወራት እንጂ ዓመት ሳይሞላ በ1754 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ከዚህ ኀዘን በኋላ ብሩስ ወደ ጉዞና ወደ ቋንቋ ጥናት አዘነበለ። ዐረብኛን ተማረ፤ የጀርመናዊውን የኢዮብ ሉዶልፍን ሥራዎች እያነበበም ግእዝን አጠና።

በ1763 በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ተሾመ። ሥራው ካበቃ በኋላ በዛሬዎቹ አልጄሪያና ቱኒዚያ የሚገኙትን የሮማውያን ፍርስራሾች እየዞረ መለካትና መሣል ጀመረ። ለዚህ ሥራ ከቦሎኛ ከተማ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ወጣት ሠዓሊ ቀጠረ። ሁለቱ በሶርያ ፓልሚራን፣ በሊባኖስ ባልቤክን ጎበኙ። በ1768 ግብጽ ገቡ። ብሩስ በጤቤስ በነገሥታት ሸለቆ በገባበት አንድ መቃብር ውስጥ የበገና ደርዳሪዎች ሥዕል አይቶ ገለበጠ። መቃብሩ የሦስተኛው ራምሴስ መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ በስሙም የብሩስ መቃብር ተብሎ ለረጅም ጊዜ ተጠርቷል።

ይህ ዝርዝር የሚያስፈልገው ብሩስ ቀይ ባሕር ሲደርስ ተራ ጀብደኛ እንዳልነበረ ለማስረዳት ነው። የፍርስራሽ ልኬት መውሰድ፣ ኬክሮስ በመሣሪያ መወሰን፣ ሥዕል ማሠራት ያውቅ ነበር። ሁለት ዝንባሌዎችንም ይዞ መጣ። አንደኛው ዐይን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሜዲትራንያን ዙሪያ ያየው ታላቅ ሥራ ሁሉ የግሪክ፣ የሮማ ወይም የግብጽ መሆኑን የለመደ አእምሮ ነው።

ዳህላክ፦ ውኃ በሌለበት ደሴት ሰው እንዴት ኖረ?

ብሩስ በሴፕቴምበር 1769 ከየመን ጠረፍ ተሻግሮ ምጽዋ ከመድረሱ በፊት በዳህላክ ቆመ። ዳህላክ ከመቶ በላይ ደሴቶችና ዐለቶች የሚገኙበት፣ ዝቅ ያለና ደረቅ ምድር ነው። ወንዝ የለውም። ብሩስ በታላቁ ደሴት ላይ 12 መንደሮችን መዘገበ። ከሁሉ በላይ ትኩረቱን የሳቡት ግን በዐለት ውስጥ የተፈለፈሉት የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች ነበሩ። ቁጥራቸውን 370 ብሎ አስቀመጠ። ቆይታው አጭር ስለነበረ ቁጥሩ በራሱ ቆጠራ የተገኘ ሳይሆን ከነዋሪዎች የተነገረው ይመስላል።

በዚህ ቦታ ብሩስ የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። ምንጭ በሌለበት ደሴት የሰፈራ መሠረቱ ውኃን ማቆር ነው፤ ማጠራቀሚያው የተሠራበትን ዘመን ያወቀ ሕዝቡ በብዛት የሰፈረበትን ዘመን ያውቃል። ይኸው ጥያቄ ዛሬ በሌላው የዓለም ዳርቻ በካሪቢያን ትንንሽ ደሴቶች የሚሠሩ ተመራማሪዎችም ጥያቄ ነው። ለምሳሌ ካሪያኩ የተባለችው ደሴት ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስ ወንዝ የላትም። ቢሆንም ኮሎምበስ ወደዚያ ባሕር ከመምጣቱ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ሰፍረውባት ነበር። በቁፋሮ የተገኙት የሸክላ ስባሪዎች፣ የዓሣና የቀንድ አውጣ ቅሪቶች፣ ከደቡብ አሜሪካ በሰው እጅ የመጡ እንስሳት አጥንቶችም ትንሽ ደሴት ብቻዋን የምትኖር ሳትሆን በጀልባ መረብ የተያያዘች የአንድ ሰፊ ዓለም ክፍል እንደነበረች አሳይተዋል።

የብሩስ መልስ ግን እንደ ጥያቄው አልተሳካም። ነዋሪዎቹ ማጠራቀሚያዎቹን የፋርሶች ሥራ ናቸው ይሉ ነበር። ብሩስ ይህን አልተቀበለም፤ ግብጽን የገዙት የመጀመሪያዎቹ የበጥሊሞስ ነገሥታት ሥራ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ደመደመ። ለዚህ ያቀረበው ከመሬቱ የተገኘ ማስረጃ አልነበረም። በጥሊሞሶች በቀይ ባሕር ዝሆን ለማደን ወደብ መክፈታቸውን በመጽሐፍ ስላነበበ ብቻ ነው።

ከእርሱ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሌላ መልክ አሳይተዋል። በዳህላክ ከቢር በሚገኘው መቃብር ላይ በኩፋዊ ፊደል የተቀረጹ ከ200 በላይ የመቃብር ድንጋዮች ታውቀዋል፤ አብዛኞቹም ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ባሉት መቶ ዓመታት የተቀረጹ ናቸው። እነዚህ ድንጋዮች በደሴቲቱ ላይ በንግድ የበለጸገ፣ የራሱ ሱልጣኖች የነበሩት ማኅበረሰብ እንደኖረ ያስረዳሉ። ማጠራቀሚያዎቹም በዋናነት ከዚህ ዘመን ጋር ተያይዘው ይታያሉ። ከዚያ አስቀድሞም ቢሆን ደሴቶቹ ባዶ አልነበሩም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መምሪያ በዚያ አካባቢ ከነበሩ ደሴቶች የዔሊ ልብስ ለገበያ ይወጣ እንደነበረ ይገልጻል። በ1990ዎቹም ጥቁር አሳርካ በምትባል ትንሽ ደሴት አጠገብ በአክሱም ዘመን የሰጠመ መርከብ ጭነት ተገኝቶ ተጠንቷል፤ ጭነቱም በአብዛኛው እንስራ መሰል የሸክላ ዕቃ ነበር።

እንግዲህ ብሩስ ፋርስን አስቀርቶ በጥሊሞስን ሲተካ አንዱን ያልተረጋገጠ ግምት በሌላ ግምት መለወጡ ነበር። ልዩነቱ የመጀመሪያው የነዋሪዎች ቃል፣ ሁለተኛው የቤተ መጻሕፍት ቃል መሆኑ ብቻ ነው። የነዋሪዎቹ ትውፊት ቢያንስ አንድ ነገር በውስጡ ይዞ ነበር፤ ይኸውም የደሴቲቱ ሕይወት ከባሕሩ ማዶ ካለው የምሥራቅ ዓለም ጋር የተሳሰረ መሆኑን ነው።

አክሱም፦ መጽሐፉ ድንጋዩን ሲሸፍነው

ብሩስ በምጽዋና በሕርጊጎ በኩል ብዙ እንግልት ከደረሰበት በኋላ በኖቬምበር 1769 ወደ ደጋው ወጣ። በጃንዋሪ 1770 አክሱም ደረሰ። በዚያ 40 ያህል ሐውልቶችን አየ። አንዱም የግብጽ የሥዕል ጽሑፍ እንደሌለበት በትክክል አስተዋለ። ባላቸው ምልክት ተመሳሳይ የሆኑ 133 የድንጋይ መቀመጫዎችንም ቆጠረ። እስከዚህ ድረስ ያለው ትዝብት ነው።

ትርጓሜው ግን ሌላ መንገድ ያዘ። የድንጋይ መቀመጫዎቹ የውሻ ኮከብ በሚባለው በሲርየስ ስም የቆሙ ጣዖታት ማረፊያ ናቸው አለ። በአንድ ድንጋይ ላይም የበጥሊሞስ ኤውርጌጢስን ስም በግሪክኛ እንዳነበበ ጻፈ። ይህ የመጣበት ምክንያት ለመገመት አያስቸግርም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ የበጥሊሞስ ኤውርጌጢስን የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር፤ የኮስማስም መጽሐፍ በ1706 በፓሪስ ታትሞ የተማሩ ሰዎች ሁሉ ያነቡት ነበር። ብሩስ በአዱሊስ የነበረውን ንጉሥ በአክሱም ጠበቀ፤ የጠበቀውንም አገኘሁ አለ።

በ1805 ሄንሪ ሶልት አክሱምን ሲጎበኝ ብሩስ ያለውን ጽሑፍ ሊያገኝ አልቻለም። በምትኩ ያገኘው የንጉሥ ዒዛናን የግሪክኛ ጽሑፍ ነው። ከዚያ በኋላ በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ተልእኮ፣ በ1970ዎቹ የኔቪል ቺቲክ፣ በ1990ዎቹም የዴቪድ ፊሊፕሰን ቁፋሮዎች ሐውልቶቹ የአክሱማውያን የራሳቸው የመቃብር ምልክቶች መሆናቸውን አረጋገጡ። የውጭ ንጉሥ ፍለጋ የአገሩን ንጉሥ ለ35 ዓመታት ሸፈነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት የብሩስ ብቻ አልነበረም። በካሪቢያን ደሴቶች ከ1492 ወዲህ በስፔናውያን የተጻፉት ዜናዎች ነዋሪዎቹን ሰላማዊና ጦረኛ በሚሉ ሁለት ወገኖች ከፍለው ስም ሰጥተዋቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ተመራማሪዎች በቁፋሮ የወጣውን ሸክላ ሁሉ ከእነዚህ ስሞች በአንዱ ሥር ለማስገባት ሲደክሙ ኖሩ። ከሸክላው አሠራርና ከተገኘበት የአፈር ንብርብር የተነሣው ጥናት ግን ሰፋሪዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሉት የመጨረሻዎቹ መቶ ዓመታት ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ እየተነሡ የመጡ፣ በየደሴቱም የየራሳቸውን ልማድ ያዳበሩ መሆናቸውን አሳየ።

ዛሪማ፣ ሊማሊሞ፣ ጎንደር

ብሩስ በጃንዋሪ 1770 መጨረሻ ተከዜን ተሻገረ። ከዚያም በቆላው በኩል የዛሪማን ወንዝ አልፎ ወደ ሊማሊሞ ተጠጋ። ይህ መንገድ ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ነበር፤ በላዩም ቀረጥ የሚከፈልበት ኬላ ይገኝ ነበር። ዛሬም ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው አውራ ጎዳና ያንኑ ገደል ይጠመዘዛል።

ስለ ሊማሊሞ የጻፈው ከመልካም ትዝብቶቹ አንዱ ነው። ተራራው ከሥሩ ሲያዩት እንደ ሹል ጫፍ ይመስላል፤ ላዩ ሲወጣ ግን ሰፊ ሜዳ፣ ግጦሽና እህል የሚበቅልበት ማሳ መሆኑን መዘገበ። ምንጮች የበዙበት ስለሆነም የአካባቢው ወንዞች ብዙዎቹ ከዚያ እንደሚነሡ ተረዳ። የሰሜንን የአሰፋፈር ታሪክ ለሚያጠና ሰው ይህ ዋና ነገር ነው። በደረቅ ቆላ የተከበበው ይህ ደጋ ከላይ ውኃ፣ እርሻና መሸሸጊያ ያለው ነው። በባሕር ባይከበብም ገደሉ እንደ ባሕር ዳርቻ ያገለግላል።

ይህ ንጽጽር በጥንት ምንጭም የሚደገፍ ነው። በአዱሊስ ኮስማስ ከገለበጣቸው ሁለት ጽሑፎች የበጥሊሞስ ያልሆነው የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ነው። ንጉሡ ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል ከወንዙ ማዶ በረዶ በሚጥልባቸው፣ ለመውጣት በሚያስቸግሩ ተራሮች የሚኖሩትን የሰሜን ሰዎች ይጠቅሳል። ስለዚህ የሰሜን ደጋ በአክሱም ዘመን ሰው የሰፈረበት፣ የራሱ ስም ያለው አገር ነበር። ብሩስም በበኩሉ የቤተ እስራኤል ሰዎች በሰሜን ተራሮች ስለነበራቸው ግዛትና ጌዴዎን ስለሚባሉት ገዥዎቻቸው የተነገረውን ትውፊት መዝግቧል። እነዚህን ትውፊቶች ከመሬቱ ጋር ማገናዘብ የሚቻለው ግን በመስክ ቅኝትና በቁፋሮ ነው።

በፌብሩዋሪ አጋማሽ ብሩስ በወገራ አድርጎ ጎንደር ገባ። ጊዜው ክፉ ነበር። ዐፄ ኢዮአስ በ1769 ተገድለው ራስ ሚካኤል ስሑል ወጣቱን ዐፄ ተክለ ሃይማኖትን አንግሠው ነበር። በከተማውም ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ብሩስ ያዕቆብ በሚል ስም ታወቀ፤ በቁስቋም ግቢ የታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆችን በማከሙም የእቴጌ ምንትዋብንና የወይዘሮ አስቴርን ሞገስ አገኘ። ከራስ ሚካኤል ክብረ ነገሥትን በስጦታ ተቀበለ። ታሪከ ነገሥትን፣ መጽሐፈ ሄኖክንና ሌሎች መጻሕፍትን አስገለበጠ።

ጣና፦ ማን ቆጠረ? እንዴትስ ቆጠረ?

ሁለተኛው የደሴት ጥያቄ በጣና ተነሣ። የአገሩ ሰዎች በሐይቁ ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች 45 ናቸው አሉት። ብሩስ የአገሩን ሰዎች በውሸታምነት የሚነቅፍ ቃል ጨምሮ ቁጥሩን ናቀ፤ በእርሱ ግምት 11 ያህል ብቻ ነበሩ። ዋነኛዋ ደቅ መሆኗን፣ ደሴቶቹም ቀደም ሲል የታላላቅ ሰዎች መታሰሪያ፣ እንዲሁም ዓለምን ለናቁ ሰዎች መሸሸጊያ እንደነበሩ ገለጸ።

ዛሬ የጣና ደሴቶች ቁጥር በተለምዶ 37 ተብሎ ይጠቀሳል። በዚህ መሠረት ስለ ደሴቶቹ ጠቅላላ ቁጥር የአገሬው ሰው ከብሩስ ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርቦ ነበር። ሆኖም ፍርዱን በዚህ ብቻ መዝጋት አይገባም። የሐይቁ ውኃ በክረምትና በበጋ ከፍ ዝቅ ስለሚል አንዳንድ መሬት በአንዱ ወራት ደሴት፣ በሌላው ልሳነ ምድር ይሆናል። ሰው የሚኖርበት ማለትም መንደር ያለበት ነው? ገዳም ያለበት? ወይስ ገበሬ በበጋ ተሻግሮ የሚያርሰው? መነኩሴው፣ ታንኳ ቀዛፊውና ባለ እርሻው እያንዳንዳቸው የተለየ ቁጥር ቢሰጡ ማናቸውም አልዋሹም። ብሩስ 45 እና 11 የሚሉትን ቁጥሮች ሲያስቀምጥ መለኪያውን አልገለጸም። የዘመኑ የደሴት ሰፈራ ጥናት ከመነሻው የሚጠይቀው ይህንኑ መለኪያ ነው።

ብሩስ በኖቬምበር 1770 ግሽ ደርሶ የግልገል ዓባይን ምንጭ አየ። የመጀመሪያው አውሮፓዊ እርሱ መሆኑን ለማሳየት ሲልም በ1618 ቦታውን ያየውን የኢየሱሳዊውን የጴጥሮስ ፓኤዝን ምስክርነት ለማፍረስ ብዙ ደከመ። ከዚህ የባሰው በባሉጋኒ ላይ ያደረገው ነው። ሠዓሊው በግሽ ከእርሱ ጋር ነበር፤ የራሱን የጉዞ ማስታወሻም ጽፎ ነበር። በ1771 በጎንደር ታሞ ሞተ። ብሩስ ግን በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ባሉጋኒን ከግሽ ጉዞ አወጣው፤ የሞቱንም ጊዜ ወደ ኋላ መለሰው። ስለ ብዙዎቹ የሕንጻና የዕፅዋት ሥዕሎች ድርሻውም ተገቢውን አልሰጠውም።

ይህ ለአርኪዮሎጂ የጎን ጉዳይ አይደለም። ማን እንዳየ፣ ማን እንደሣለ፣ መቼ እንደተሣለ የማይታወቅ ሥዕል ግማሽ ዋጋውን አጥቷል። የባልደረባን ስም መሰረዝ በሰውየው ላይ የተፈጸመ በደል ብቻ ሳይሆን በመረጃው ላይም የተፈጸመ ጉዳት ነው።

መርዌ፦ መሬቱ ሲናገር

ብሩስ በ1771 በሰርባኩሳ የተደረገውን ጦርነት ከንጉሡ ወገን ሆኖ ካየ በኋላ በዲሴምበር መጨረሻ ከጎንደር ወጣ። በቆላው በኩል አድርጎ በ1772 ስናር ገባ፤ በዚያም ገንዘብ አጥሮት ወራት ቆየ። በዚያው ዓመት መጸው ከሸንዲ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲጓዝ የተሰባበሩ የሐውልት ማቆሚያዎችና የሐውልት ስባሪዎች ክምር አየ። ደክሞ ነበር፤ ለቁፋሮ ጊዜም ሰውም አልነበረውም። ቢሆንም ያየውን አሰላሰለ። የጥንት ጸሐፊዎች መርዌን ያስቀመጡት በዓባይና አስታቦራስ በሚሉት ወንዝ መካከል ነው፤ አስታቦራስም ተከዜ የሚገባበት አትባራ መሆኑን እርሱ ያውቃል፤ ኬክሮሱም ይስማማል፤ ፍርስራሹም በዐይኑ ፊት ነው። ስለዚህ ይህ ቦታ የጥንቷ መርዌ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ።

ግምቱ ትክክል ነበር። በ1821 ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ ፒራሚዶቹን አይቶ ሣላቸው። ከ1909 እስከ 1914 ጆን ጋርስታንግ ከተማዋን ቆፈረ፤ ከቁፋሮውም የሮማው ቄሣር አውግስጦስ የነሐስ ራስ ወጣ። በ2011 የመርዌ ደሴት አርኪዮሎጂያዊ ቦታዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ።

በአክሱም የሳተው ሰው በመርዌ እንዴት ቀናው? በሁለቱም ቦታ የጥንት መጻሕፍት በእጁ ነበሩ። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ነው። በመርዌ ፍርስራሹ፣ ወንዞቹና ልኬቱ እርስ በርሳቸው ተደጋገፉ፤ መጽሐፉም ለእነርሱ ስም ሰጠ። መደምደሚያውንም በግምትነት አቀረበው እንጂ አገኘሁ ብሎ አልፎከረም። በአክሱም ግን ስሙ አስቀድሞ ተሰጥቶ ድንጋዩ ለስሙ ተፈለገ።

በዚህ ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቀው ሌላው የዒዛና ጽሑፍ ንጉሡ በተከዜ መሻገሪያ ኖባዎችን ወግቶ እስከ ካሱ ምድር መዝመቱን ይተርካል፤ ተከዜ የሚለውም ወደ አትባራ የሚዘልቀውን ወንዝ ነው። በዚያ ምድር በግንብ የተሠሩና በሣር የተሠሩ ከተሞች እንደነበሩም ለይቶ ይናገራል። ስለዚህ ስለ መርዌ ደሴት የአሰፋፈር ዓይነት ከሚናገሩት ጥንታዊ ምስክሮች አንዱ ብሩስ የግብጽን ንጉሥ ሲፈልግባት በነበረችው በአክሱም የተቀረጸ ነበር።

መጽሐፉ፣ ጥርጣሬውና ሞቱ

ብሩስ የኑብያን በረሃ ተሻግሮ በኖቬምበር 1772 መጨረሻ አስዋን ደረሰ። ፈረንሳይ በክብር ተቀበለችው፤ ከመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች አንዱን ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። በ1774 ወደ ለንደን ሲመለስ ግን ብዙዎች አላመኑትም። ስለ ጥሬ ሥጋ አበላልና ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት የተናገረው መቀለጃ ሆነ። ሳሙኤል ጆንሰን የመሰለ ሊቅ እንኳ ብሩስ ኢትዮጵያን ማየቱን ተጠራጠረ። ብሩስም ተቆጥቶ ወደ ርስቱ ገባ፤ ሌላ ሚስት አገባ፤ ለዓመታትም ዝም አለ። ሁለተኛ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነበር በወዳጆቹ ግፊት መጻፍ የጀመረው። በ1790 አምስት ክፍል ያለው የጉዞ መጽሐፉ ታተመ።

ጉዞው ካበቃ 16 ያህል ዓመታት አልፈዋል። አብዛኛውን ትረካ በአጠገቡ ለተቀመጠ ጸሐፊ በቃሉ እየነገረ አስጻፈ እንጂ የመስክ ማስታወሻዎቹን በየገጹ አላመሳከረም። በዚህም የተነሣ ቀኖች ተምታቱ፣ ንግግሮች ተራዘሙ፣ ሰዎች ቦታ ተለዋወጡ። አሌክሳንደር መሪ በ1805 ሁለተኛውን ኅትመት ሲያዘጋጅ ከብሩስ ወረቀቶች ጋር ስላመሳከረው ልዩነቱ መታየት ጀመረ። ዛሬ የብሩስና የባሉጋኒ ወረቀቶችና ሥዕሎች አብዛኛው ክፍል በአሜሪካ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛል።

ብሩስ በኤፕሪል 1794 በኪነርድ አንዲት እንግዳ ሴትን ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ። በማግስቱም ሞተ፤ ዕድሜው 63 ነበር። ሄንሪ ሶልት በኋላ ብዙ ስሕተቱን ቢያርምም፣ የብሩስ ዋና ታሪክ እውነት መሆኑ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተረጋገጠ ሄደ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 መጽሐፈ ሄኖክን ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉም የተጠቀመው ብሩስ ባመጣው ቅጂ ነው።

ማጠቃለያ

የብሩስ ሕይወት በሦስቱ ውኃ ከበብ ምድሮች ሲመዘን ሦስት ውጤት ይሰጣል። በዳህላክ ጥያቄው ትክክል፣ መልሱ ስሕተት ነበር። በጣና ያለ መለኪያ ቆጠረ፤ የነገሩትን ሰዎች ሰደበ። በመርዌ ልኬቱንና ፍርስራሹን አስቀድሞ ተሳካለት። ስለዚህ ብሩስን በጠቅላላው ማመንም ሆነ በጠቅላላው መጣል የጥናት መንገድ አይሆንም። እያንዳንዱ አስተያየት ከመስክ ማስታወሻ የመጣ፣ ከሰው የተሰማ፣ ከመጽሐፍ የተወሰደ፣ ወይም ከ16 ዓመት በኋላ የታወሰ መሆኑ ተለይቶ መመዘን አለበት።

ከዚህ ሁለት ሥራዎች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ብሩስ በተከዜና በጎንደር መካከል ስላለው መንገድ በመስክ የጻፈውን በ1790 ካሳተመው ጋር ቃል በቃል ማስተያየት ነው። የግእዝና የአማርኛ ቦታ ስሞችን በሚያውቅ ተመራማሪ ቢሠራ፣ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የተበላሹ ብዙ የመንደርና የወንዝ ስሞች ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ሁለተኛው ከዛሪማ ቆላ እስከ ሊማሊሞ አናት በእግር የሚደረግ የአርኪዮሎጂ ቅኝት ነው፤ የኬላ ቦታዎችን፣ የቆዩ መንደሮችን፣ የምንጭ ዳር ገሎችንና የድንጋይ መሣሪያዎችን በከፍታ ደረጃ መመዝገብ። እንዲህ ያለ ሥራ የሰሜን ደጋ ለቆላው እንደ ደሴት የተዘጋ ነበር ወይስ እንደ ካሪያኩና እንደ ዳህላክ በንግድ መረብ የተያያዘ የሚለውን ጥያቄ በማስረጃ ለመመለስ ያስችላል።

ቅኝቱ ሲደረግ መንገድ የሚመሩት ገበሬዎችና እረኞች ስም፣ የነገሩትም ትውፊት ከልኬቱ አጠገብ በማስታወሻው ይጻፍ። የብሩስ መጽሐፍ የባሉጋኒን ስም በማጥፋቱ ያጎደለው ይህንን ነው።